ኢንስፔክተሩ ያለፈው ምስጥ፦ በአውስትራሊያ ከቤት መርማሪ ካሳ እንዴት ይጠየቃል?

አንዲት የማውቃት እህት ሜልበርን ውስጥ፣ ሰንሻይን አካባቢ፣ አሮጌ የእንጨት ቤት ገዛች። በገባች በአራተኛው ወር ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ የልጄ መኪና ግድግዳውን በሳው" አለችኝ። የመጫወቻ መኪና ማለቷ ነው። ሄጄ ሳይ የተበሳው ግድግዳው ሳይሆን ከሥሩ ያለው ዞኮሎ ነው። በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው እንደ እንቁላል ቅርፊት ስምጥ አለ። እንጨት የሚባል ነገር የለም። ቆሞ የነበረው ቀለሙ ብቻ ነው። ውስጡ ደረቅ ጭቃ ሞልቶታል፤ ነጫጭ ምስጦች ይርመሰመሱበታል።

"ሪፖርቱን አምጪልኝ" አልኳት፤ ከመግዛቷ በፊት ቤቱን የመረመረው ኢንስፔክተር የጻፈውን። ሠላሳ ምናምን ገጽ ነው። መጀመሪያው ላይ "በምርመራው ቀን የሚታይ የምስጥ ምልክት አልተገኘም" ይላል። ወደ መጨረሻው ገደማ ደግሞ ኢንስፔክተሩ ራሱ ያነሳው ፎቶ አለ። ከወለሉ በታች ያለውን ባዶ ቦታ ያሳያል። ፎቶውን ያነሳው የቧንቧ ፍሳሽ ለማሳየት ነበር። ከፎቶው ጥግ ላይ ግን፣ ወለሉን ከተሸከሙት ቋሚዎች በአንዱ ላይ፣ የጣት ውፍረት ያለው የጭቃ መስመር ወደ ላይ ይወጣል። ከመሬት ተነስቶ ወለሉ ጋ ይደርሳል። የምስጥ መንገድ ነው።

እሷ የጠየቀችኝ "ማስጠገኛው ስንት ይፈጃል?" ብላ ነው። እሱ ቆይቶ የሚመጣ ጥያቄ ነው። የሚቀድመው ሌላ ነው፦ ኢንስፔክተሩ በዚያን ቀን፣ ቤቱ በነበረበት ሁኔታ፣ ምን ማየት ይችል ነበር? ይህ ካልተመለሰ ጉዳቱ ምንም ያህል ቢከፋ ካሳ አይገኝም። ከተመለሰ ደግሞ መካከለኛ ጉዳትም ገንዘብ ያስመልሳል።

ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ቤታችንን የምንገዛው በዕቁብና በድርብ ሥራ ባጠራቀምነው ብር ነው። ችግር ሲመጣ "ምን ይደረግ፣ ዕድሌ ነው" ብለን የምንተወው ደግሞ እንበዛለን። እባካችሁ አትተዉት። ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

1. መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ

ምስጥ ሲታይ የሁላችንም እጅ የሚሮጠው ወደ መርጫው ነው። አትርጩ። ግድግዳውንም አታፍርሱ። ምስጥ ሲረበሽ ያንን ቦታ ጥሎ ወደ ሌላ ይዛወራል። ከየት እንደሚመጣ ለማወቅም፣ ለማከምም ይከብዳል። ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል።

ይልቅ ይህን አድርጉ። ቦታውን ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ አንሱ። አጠገቡ ሜትር ወይም ሳንቲም አስቀምጡ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። እየዞራችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፤ በቪዲዮው ላይ ቀኑን በድምፅ ተናገሩ። የተበላ እንጨት ከወደቀ በፌስታል አድርጋችሁ፣ ቀንና ቦታ ጽፋችሁበት አኑሩት። ጥቂት ምስጦችን በትንሽ ጠርሙስ አልኮል ውስጥ አስቀምጡ። በተለይ ትልልቅ መንጋጋ ያላቸውን "ወታደሮች" ያዙ፤ ባለሙያ ዝርያውን የሚለየው ባብዛኛው በእነሱ ነው።

አገር ቤት ምስጥ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ኩይሳ ነው። የአጥር ቋሚ ከመትከላችን በፊት የተቃጠለ ዘይት የምንቀባውም እሱን ፈርተን ነው። እዚህ ቤት በመጉዳት ከሁሉ የከፋው ዝርያ ኮፕቶተርመስ አሲናሲፎርሚስ ይባላል። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ኩይሳ ሠርቶ አይታይም። ጎጆውን የሚሠራው ብዙ ጊዜ ባህር ዛፍ ግንድ ውስጥ ወይም የተቆረጠ ጉቶ ሥር ነው። ባህር ዛፍ ወደ እኛ አገር የመጣው ከዚሁ ከአውስትራሊያ ስለሆነ ግቢው ውስጥ ስናየው የዘመድ ያህል ነው። ግን ጉቶውን ፎቶ አንሱት። ቤቱ አጠገብ ጉቶ ካለና ሪፖርቱ ስለ ጉቶው አንድም ቃል ካልተናገረ፣ እሱ ራሱ ነጥብ ነው።

ጣራ የሚያፈስ ወይም ወለል የሚሰምጥ ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ጉዳቱ እንዳይብስ ጊዜያዊ ጥገና ማድረግ ግዴታችሁ ነው። "እያየ ዝም አለ" ከተባላችሁ ካሳው ይቀነሳል። መጀመሪያ ፎቶ፣ ቀጥሎ ጊዜያዊ ጥገና፣ ደረሰኙን ማስቀመጥ። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

ለቤቱ ኢንሹራንሳችሁም ደውላችሁ ጠይቁ፤ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጉ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ የምስጥን ጉዳት አይሸፍንም። ሰው ወደ ኢንስፔክተሩ የሚሄደው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

2. ወረቀቱን በሙሉ አውጡ

ሁለት ወረቀት ያስፈልጋል፦ ሪፖርቱና ከምርመራው በፊት የፈረማችሁት ውል። ውሉን ብዙ ሰው ጭራሽ አያስታውሰውም። በኢሜይል መጥቶ "እስማማለሁ" የሚለውን ተጭናችሁ ያለፋችሁት ሊሆን ይችላል። ኢሜይላችሁን ፈትሹ።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ደንበኛው ማን ነው? የእናንተ ስም ነው ወይስ የሻጩ? ሁለተኛ፣ ምርመራው በየትኛው ስታንዳርድ ነው የተባለው? ለሕንፃው የተለመደው የአውስትራሊያ ስታንዳርድ 4349.1 ነው፤ የ2007ቱ። ለእንጨት ተባይ 4349.3 ነው፤ የ2010ሩ። እንጨት ተባይ ሲባል ምስጥ ብቻ አይደለም፤ ነቀዝና እንጨት የሚያበሰብስ ፈንገስም ይገባሉ። ሁለቱ የተለያዩ ምርመራዎች ናቸው። የሕንፃውን ብቻ ከፍላችሁ ስለ ምስጥ መክሰስ ይከብዳል። ሦስተኛ፣ የቅሬታ አንቀጽ አለው? ብዙ ውሎች "ችግር ካገኘህ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አሳውቀኝ፣ ሳትጠግን መጥቼ እንዳይ ፍቀድልኝ" የሚል አንቀጽ አላቸው። ቀኑ ቢያልፍ መብታችሁ ሁሉ ያልቃል ማለት አይደለም። ግን ለምን በር ትከፍቱላቸዋላችሁ? ዛሬውኑ አጭር ኢሜይል ላኩ፦ "በዚህ አድራሻ በዚህ ቀን ምስጥ አግኝቻለሁ፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።" በቃ። ስድብም ክስም አይጨመርበት።

ሪፖርቱን የሰጣችሁ ኤጀንቱ ከሆነ፣ የተሠራውም ለሻጩ ከሆነ፣ ነገሩ ይከብዳል እንጂ አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1989፣ ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት አንድ ታዋቂ ጉዳይ ወስኗል። መርማሪው የተቀጠረው በአበዳሪው ተቋም ነበር። የእሳት ምድጃው ግድግዳ ከሥር ተነስቶ፣ ከላይ ያለው የጭስ ማውጫ ጡብ ያለ ድጋፍ መቅረቱን አላጣራም። ገዢዋ ከገባች በኋላ ጡቡ ጣራውን በስቶ ወደቀ። ፍርድ ቤቱ "ገዢዋ በሪፖርቱ እንደምትተማመን መርማሪው ያውቅ ነበር፣ ኃላፊነት አለበት" አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ፤ ወደ ሕጉ ስንደርስ እናየዋለን።

3. ያቺን ቀን መልሳችሁ ሥሯት

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ።

የቤት ምርመራ የዓይን ምርመራ ነው። ኢንስፔክተሩ ግድግዳ አይሰብርም፣ ምንጣፍ አይገልጥም፣ ቁም ሣጥን አይገፋም። በደህና ሊደርስበት የሚችለውን ብቻ ነው የሚያየው። ስታንዳርዱ ጣራን እንኳን በ3.6 ሜትር መሰላል የሚደረስበትን ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ የነበረ ምስጥ ስላመለጠው ብቻ ጥፋተኛ አይሆንም። ጥፋተኛ የሚሆነው የሚታየውን ካላየ፣ መድረስ ሲችል ካልደረሰ፣ ወይም የሚያጠራጥር ምልክት አይቶ ዝም ካለ ነው። መድረስ ካልቻለ ደግሞ የትኛውን ቦታ እንዳላየና ለምን እንዳላየ ሪፖርቱ ላይ መጻፍ አለበት።

የመጨረሻዋን ነጥብ ያዙልኝ። ጥሩ ኢንስፔክተር ፍንጭ ሲያገኝ ይከተላል። ዞኮሎ ላይ ውሃ የነካው የመሰለ እብጠት ካየ በእጁ መታ መታ ያደርገዋል፤ የተበላ እንጨት ድምፁ ባዶ ነው። የእርጥበት መለኪያ ይይዛል። መለኪያው ከፍ ካለ "ለምን?" ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካጣ ቢያንስ "ይህ ቦታ ተከፍቶ ይታይ" ብሎ ይጽፋል።

አሁን መርማሪዎቹ እናንተ ናችሁ። ሪፖርቱን በሦስት ቀለም አስምሩበት። "አየሁ" ያለውን በአንድ ቀለም፣ "ማየት አልቻልኩም" ያለውን በሌላ፣ ምንም ያላለውን በሦስተኛ። ከዚያ ቤቱን ዙሩ። "መግባት አልተቻለም" ያለው ቦታ መግቢያው ስንት በስንት ነው? ለኩት። በእርግጥ ሰው አያስገባም? እህታችን ቤት ከወለሉ በታች መግቢያ የለም ብሎ ቢጽፍ ኖሮ፣ የራሱ ፎቶ ያጋልጠው ነበር።

የሽያጩን ማስታወቂያ ፎቶዎች ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ቤቱ በምርመራው ሰሞን ምን ይመስል እንደነበር ያሳያሉ። ሶፋው ግድግዳውን ሸፍኖት ነበር ወይስ ግልጥ ነበር? ወለሉ ያኔውኑ ዘንበል ብሎ ነበር? ግቢው ውስጥ ግድግዳውን የተደገፈ ማገዶ ክምር ነበር? የስክሪኑን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ ማስታወቂያው ሊነሳ ይችላል። ፎቶው እናንተን የሚጎዳ ከሆነም አሁን ብታውቁት ይሻላል። ሶፋው በእውነት ሸፍኖት ከነበረ ገንዘባችሁን ለጠበቃ ከማፍሰሳችሁ በፊት ማወቅ አለባችሁ።

ቀጥሎ የመብራት ቆጣሪ ሳጥኑን ክፈቱ። የምስጥ መከላከያ የተደረገለት ቤት ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ተለጣፊ ወረቀት ይኖረዋል። መቼ እንደታከመ፣ በምን መድኃኒት፣ ቀጣዩ ምርመራ መቼ እንደሆነ ይጻፍበታል። ቤቱ ከዚህ በፊት ለምስጥ ታክሞ ከነበረና ሪፖርቱ ይህን ካላነሳ፣ ኢንስፔክተሩ አንድ ክዳን አልከፈተም ማለት ነው። ለዳኛ ይህን ለማስረዳት የምህንድስና ዲግሪ አያስፈልግም።

የጉዳቱ ዕድሜም ወሳኝ ነው። ምስጥ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ ሊበላ ይችላል። ምርመራውና ግኝቱ በተራራቁ ቁጥር "ከእኔ በኋላ የገባ ነው" ማለት ይቀላቸዋል። ዕድሜውን የሚናገሩ ነገሮችን ፈልጉ፦ የተበላ እንጨት ላይ በስቱኮ ተሞልቶ የተቀባ ቀለም፣ አጠገቡ የተቀየረ አዲስ እንጨት፣ መድኃኒት የተረጨበት አሮጌ ቀዳዳ። ማንም ሰው ጤነኛ እንጨት ላይ ስቱኮ አይሞላም።

4. ሕጉ በአጭሩ

የአውስትራሊያ የሸማቾች ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጥር ጀምሮ በመላ አገሪቱ ይሠራል። ሁለት አንቀጽ ይበቃችኋል። አንቀጽ 60 አገልግሎት የሚሰጥ ሁሉ በተገቢ ጥንቃቄና ችሎታ እንዲሠራ ያስገድዳል። አንቀጽ 18 በንግድ ሥራ ላይ የሚያሳስት ነገር መናገርን ይከለክላል። አንቀጽ 18 ውል መኖሩን አይፈልግም። ሪፖርቱ ለሻጩ ተሠርቶ እናንተ አምናችሁበት የገዛችሁ ከሆነ መንገዳችሁ እሱ ነው። ከእነዚህ ጎን የውል መጣስና ተራ ቸልተኝነትም አሉ። አብዛኛውን ጊዜ አራቱም አብረው ይቀርባሉ።

"ኃላፊነታችን ከከፈልከው ክፍያ አይበልጥም" የሚል አንቀጽ ካያችሁ አትደንግጡ። የአንቀጽ 60ን ዋስትና በውል መሰረዝ አይቻልም፤ ለግል መኖሪያ ለተገዛ ምርመራ መገደቡም አይሠራም። "ይህ ክፍል አልታየም" የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ አገልግሎቱ እስከ የት እንደነበር ይወስናል፤ ብዙ ጊዜም ይጸናል።

ጊዜው፦ በውል ክስ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች 6 ዓመት አላችሁ። የሚቆጠረው ግን ምስጡን ካገኛችሁበት ሳይሆን ሪፖርቱ ከተሰጠበት ቀን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ደግሞ ኤንካት ለሚባለው ትሪቡናል (ከፍርድ ቤት የቀለለ ችሎት ነው) የሸማች ክስ የሚቀርበው በ3 ዓመት ውስጥ ነው።

5. ሌላ ባለሙያ አምጡ፣ ጥያቄውን ግን በትክክል ጠይቁት

ሁለተኛ ኢንስፔክተር ወይም የሕንፃ አማካሪ ትቀጥራላችሁ። የሁሉም ሰው ስህተት "ምን ተበላሸ?" ብሎ ብቻ መጠየቅ ነው። ባለሙያው ግድግዳ ከፍቶ ጉዳቱን በሙሉ ፎቶ አንስቶ የሚያምር ሪፖርት ይጽፋል። ለክሱ ግን አይረባም። ከተከፈተ በኋላማ ማንም ያየዋል።

በጽሑፍ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ "የመጀመሪያው ሪፖርት፣ ውሉና ፎቶዎቹ እነዚህ ናቸው። ምንም ሳይከፈት፣ ጠንቃቃ ኢንስፔክተር በዚያን ቀን የትኛውን ምልክት ማየት ነበረበት? ለምን? በስታንዳርዱ መሠረት ምን ብሎ መጻፍ ነበረበት? ጉዳቱ ያኔ ነበረ የምትለው በምን ምክንያት ነው?" ከመከፈቱ በፊት አንዴ ይየው፤ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ይምጣ። ከመክፈታችሁ በፊት የመጀመሪያው ኢንስፔክተርም እንዲያይ ዕድል ስጡት፤ መስጠታችሁንም በኢሜይል መዝግቡ።

የጥገና ድርጅት የሚሰጣችሁ የዋጋ ግምት የባለሙያ ሪፖርት አይደለም። ሁለቱን አታምታቱ።

6. ስንት ትጠይቃላችሁ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። ካሳው ሁልጊዜ የጥገናው ዋጋ አይደለም። ኢንስፔክተሩ ቤቱን አላበላሸም፤ ምስጡ ነው ያበላሸው። የእሱ ጥፋት እናንተን ከሚገባው በላይ ማስከፈሉ ነው። ስለዚህ የተለመደው ስሌት የከፈላችሁት ዋጋና ችግሩ ቢታወቅ ኖሮ ቤቱ የሚያወጣው ዋጋ፣ የሁለቱ ልዩነት ነው።

ለምሳሌ ቤቱን በ640,000 ዶላር ገዛችሁ እንበል። ምስጡ ቢታወቅ ኖሮ በዚያን ጊዜ 590,000 ያወጣ ነበር። ጥገናው 70,000 ይፈጃል። መነሻው 50,000 ነው እንጂ 70,000 አይደለም። የጥገናው ዋጋ ልዩነቱን ለማሳየት ይረዳል፤ ሁለቱ የሚቀራረቡበት ጊዜም ብዙ ነው። ጉዳዩ ትልቅ ከሆነ ግን በግዢው ቀን የነበረውን ዋጋ ወደ ኋላ ሄዶ የሚገምት የንብረት ገማች ያስፈልጋችኋል። በዚህ ላይ ጥገናው ሲሠራ ሌላ ቦታ የተከራያችሁበት፣ የምስጥ ሕክምናው፣ ጊዜያዊ ጥገናው ይጨመራሉ።

በሪፖርቱ አምናችሁ እንደገዛችሁም ማሳየት አለባችሁ። ሪፖርቱ ከመጣ በኋላ ለኤጀንቱ፣ ለጠበቃው ወይም ለባለቤታችሁ የላካችሁትን መልእክት ፈልጉ። "ሪፖርቱ ደህና ነው፣ እንቀጥል" የምትል አንዲት የዋትስአፕ መልእክት ብዙ ዋጋ አላት። አማርኛ ብትሆንም ችግር የለም፤ ትተረጎማለች። ሪፖርቱ የደረሳችሁ የግዢውን ውል ከፈረማችሁ በኋላ ከሆነና ውሉን ማፍረስ የማትችሉ ከነበረ ግን፣ ጉዳዩ በጣም ይዳከማል። በጨረታ የገዛ ሰው ይህን ልብ ይበል።

7. ከጥፋቱ ጀርባ ኢንሹራንስ አለ?

ከአንድ ግለሰብ ኢንስፔክተር ኪስ 50,000 ዶላር አይወጣም። የሚከፍለው የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንሱ ነው፤ ፕሮፌሽናል ኢንደምኒቲ የሚሉት። ክዊንስላንድ ውስጥ የቤት ኢንስፔክተር ኪው ቢ ሲ ሲ ከሚባለው የግንባታ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ይህን ኢንሹራንስም መያዝ ግዴታው ነው። ቪክቶሪያ ውስጥ ግን ከግዢ በፊት ለሚደረግ ምርመራ ልዩ ፈቃድ አይጠየቅም። ስለዚህ ገና ቤት ያልገዛችሁ፣ ኢንስፔክተሩን ከመቅጠራችሁ በፊት የኢንሹራንስ ሰርተፍኬቱን አስልኩ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ይህ ኢንሹራንስ አንድ ጠባይ አለው፤ በደንብ ይግባችሁ። የሚሠራው ምርመራው በተደረገበት ዓመት የነበረው ፖሊሲ ሳይሆን ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ ያለው ነው። ሰውየው ዛሬ ኢንሹራንስ ኖሮት የሚቀጥለው ወር ሥራውን ቢዘጋ፣ እናንተ ደግሞ ከዚያ በኋላ ብትጠይቁ፣ ሽፋን ላይኖር ይችላል። ፖሊሲው ሳያልቅ ለኢንሹራንሱ ካሳወቀ ግን ክሱ ዘግይቶ ቢመጣም ሽፋኑ ይይዛል። መዘግየት የሚጎዳው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤያችሁ ላይ "ይህን ለሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስዎ ያሳውቁ" የሚል መስመር አስገቡ። አንዳንዱ ሰው "ልጁን እንጀራውን ላሳጣው ነው" ብሎ ይሳቀቃል። ኢንሹራንስ የሚገዛው ለዚህ ቀን ነው።

የኩባንያውን ኤቢኤን፣ ማለትም የንግድ ምዝገባ ቁጥሩን፣ ከሪፖርቱ ላይ ወስዳችሁ በመንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ፈትሹ። ኩባንያው ከመዝገብ ተሰርዞ ከሆነም ተስፋ አለ። የኩባንያዎች ሕግ አንቀጽ 601ኤጂ የተሰረዘ ኩባንያን ኢንሹራንስ በቀጥታ መጠየቅ ይፈቅዳል። ይህኛው ግን ያለ ጠበቃ አይሞከርም።

8. ማንን ትከሳላችሁ?

በቸልተኝነትና በማሳሳት ክስ ላይ ኃላፊነት ይከፋፈላል። ዳኛው "ኢንስፔክተሩ 60 በመቶ፣ ሻጩ 40 በመቶ" ካለ፣ ከኢንስፔክተሩ የምታገኙት 60ውን ብቻ ነው። ሻጩን ካልከሰሳችሁ 40ው በእናንተ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ስቱኮውን ሞልቶ የቀባው ማን ነው የሚለውን አስቡ። ቪክቶሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጋቢት ጀምሮ ሻጭም ኤጀንትም እያወቀ ዋና ጉዳይን መደበቅ ወንጀል ነው። ሁሉንም ክሰሱ እያልኩ አይደለም። ማስረጃ ባልተገኘበት ሰው ላይ ክስ ማብዛት ወጪ ይመልስባችኋል። ግን ጠበቃችሁን ጠይቁ።

9. ደብዳቤው

ሁለት ገጽ ይበቃል። ማን እንደሆናችሁ፣ የቤቱ አድራሻ፣ የምርመራው ቀን። ሪፖርቱ ምን እንዳለ፣ ከነገጹ። ያገኛችሁት ምን እንደሆነ። በዚያን ቀን ይታይ የነበረው ምልክት የቱ እንደሆነ፤ ፎቶው ይያያዝ። የጠየቃችሁት ገንዘብ፣ ስሌቱ። መልስ የሚሰጡበት ቀን፤ 28 ቀን ተገቢ ነው። ለኢንሹራንሱ እንዲያሳውቁ። ቁጣ አይጻፍበት። የሚያነበው የኢንሹራንሱ ጠበቃ ነው፤ ቁጣችሁ ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። ገጽ ቁጥር ግን ያስጨንቀዋል።

10. የሚመጣባችሁ መልስ

የመጀመሪያው መልስ ባብዛኛው "አንቀበልም" ነው። አትደናገጡ። አራት መልኮች አሉት።

"ቦታው አይደረስበትም ነበር።" ልኬታችሁንና የማስታወቂያውን ፎቶ አውጡ።

"ምስጡ የገባው ከምርመራው በኋላ ነው።" ባለሙያችሁ ስለ ዕድሜው የጻፈውን አውጡ።

"ሌላ ባለሙያ እንዲያየው መክረን ነበር።" ይሄ ከሁሉ ይከብዳል። ሪፖርቱን ደግማችሁ አንብቡ። ምክሩ በየቤቱ ሪፖርት ላይ የሚለጠፍ የተለመደ አንቀጽ ነው ወይስ "የልብስ ማጠቢያው ክፍል ዞኮሎ ይከፈት" የሚል ነው? የመጀመሪያው ብዙ አያድናቸውም። ሁለተኛው ከሆነና እናንተ ችላ ካላችሁት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጉዳያችሁ ደካማ ነው።

"ደንበኛችን አልነበርክም።" አንቀጽ 18ን አንሱ።

በዚህ መሃል የኢንሹራንሱ ገምጋሚ ቤታችሁን ልይ ሊል ይችላል። ፍቀዱ። ሻይም አቅርቡ። ግን "እኔማ ቀድሜ ጠርጥሬ ነበር" የመሰለ ወሬ አታውሩ። እኛ እንግዳ ሲመጣ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር ይመስለናል፤ ስለ አየሩና ስለ ልጆች አውሩ።

11. ትሪቡናሉ

ቪክቶሪያ ውስጥ ቪካት የሚባለው ትሪቡናል የሸማቾችን ክስ ያያል፤ የገንዘብ ጣሪያ የለውም። ከ15,000 ዶላር በታች ለሆነ ጉዳይ ሰዎች ባብዛኛው ያለ ጠበቃ ራሳቸው ይቀርባሉ። ክዊንስላንድ ውስጥ ኪውካት የሚባለው ትሪቡናል አነስተኛ ክርክሮችን እስከ 25,000 ዶላር ያያል። ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ ፍርድ ቤት ነው። ጉዳያችሁ ትልቅ ከሆነ ከመጀመሪያውኑ ጠበቃ አማክሩ። የቪክቶሪያ የጠበቆች ማኅበር በሚያገናኛችሁ ጠበቃ ዘንድ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በነፃ ነው።

ቪካት አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል። ማመልከቻው ላይ "አማርኛ" ብላችሁ ሙሉ። እንግሊዝኛችሁ ለሥራ ቢበቃም ለክርክር አስተርጓሚ ይኑራችሁ። ልጃችሁን አታስተርጉሙ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የአባቱን ኪሳራ በሰው ፊት ሲተረጉም ማየት ልብ ይሰብራል፤ ስህተትም ይበዛል። ከዚያ በፊት ወደየትኛውም መሥሪያ ቤት ለመደወል በ131 450 ቲስ ናሽናል የሚባለውን የመንግሥት የስልክ አስተርጓሚ አገልግሎት መጠቀም ትችላላችሁ።

ለችሎቱ አንድ ገጽ የጊዜ ሰሌዳ አዘጋጁ። ምርመራው መቼ፣ ፊርማው መቼ፣ ቁልፉ መቼ፣ ምስጡ መቼ፣ ደብዳቤው መቼ። ማስረጃውን ሁሉ ገጽ ቁጥር ስጡት፣ ሦስት ኮፒ ያዙ። ዳኛው "የት አለ?" ሲል "ገጽ 19" ማለት የምትችሉ ሁኑ።

12. እንስማማ ካሉ

አብዛኛው ጉዳይ ከችሎቱ በፊት ያልቃል። ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት የመልቀቂያ ውል ያስፈርሟችኋል። ያንን ውል ቃል በቃል አንብቡ። "ከዚህ ሪፖርት ጋር የተያያዘ ማንኛውም የወደፊት ጥያቄ" የሚል ከሆነ፣ ነገ የጣራው ሞራሌ ተበልቶ ብታገኙት መጠየቅ አትችሉም ማለት ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ቤቱ በሙሉ፣ ከኮርኒስ በላይም ከወለል በታችም፣ በባለሙያ ይታይ። ሻጩንም ልትጠይቁ ካሰባችሁ፣ መልቀቂያው እሱን እንዳይጨምር ስሙ በግልጽ ይውጣ። የሚከፈልበት ቀንም ይጻፍ፤ ከፊርማ በኋላ 21 ወይም 28 ቀን ይበቃቸዋል።